አራት እግር የምትመስለው ቢራቢሮ

ይህን ንግግር በጽሑፍ ይዛችሁ የምትከታተሉ ጣታችሁን ከመስመሩ ላይ አድርጉና ቀስ እያላችሁ አብራችሁን ሂዱ። እዚህ ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቢራቢሮ ነው። «ቢራቢሮ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» የሚል አይጠፋም። አላት እንጂ። ሰው ቢራቢሮን ለይቶ ለማወቅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ደክሟል። በመካከሉም ብዙ ተሳስቷል። ስሕተቱ ከየት እንደመጣና በምን እንደታረመ ነው የምንነግራችሁ።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ከወልድያ በኩልመስክ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ዳር ቢራቢሮ አያጣም። አንዷ አበባ ላይ ስታርፍ ቀረብ በሉ። ጥላችሁ እንዳያርፍባት ተጠንቀቁ፤ ትበራለች። እግሯን ቁጠሩ።

ጉንዳን ስድስት እግር አለው። ንብም ስድስት፣ አንበጣም ስድስት፣ ዝንብም ስድስት። ነፍሳት የሚባሉት ሁሉ እግራቸው ስድስት ነው። ነጯን ቢራቢሮ ብትቆጥሩ ስድስቱን እግር ታገኛላችሁ። ብርቱካን መልክ ያላትን፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የተነጠበባትን ስትቆጥሩ ግን አራት ብቻ ይሆንባችኋል። ደግማችሁ ብትቆጥሩም ያው አራት ነው። ሁለቱ የት ሄዱ?

አልጠፉም። ከአንገቷ በታች፣ ከደረቷ ላይ ተጣጥፈው ተለጥፈዋል። አጫጭር ናቸው። ፀጉር በዝቶባቸው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ይመስላሉ፤ በተለይ የወንዱ። አትቆምባቸውም፤ አትራመድባቸውም። የሩቅ አገር ሰዎች ይህን አይተው «ባለ ብሩሽ እግር» አሏት። የሊቃውንቱ ስም «ኒምፋሊዴ» ነው፤ እኛ ግን ባለ ብሩሽ እግር እያልን እንቀጥል።

እግር ካልተራመዱበት ምን ይሠራል? ትል ጥሩ ጥያቄ ነው። የብዙዎቹ ሴቶች በዚያች አጭር እግር ይቀምሳሉ። ሴቷ እንቁላል መጣል ስትፈልግ ቅጠል ላይ ታርፍና በፊት እግሮቿ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች። በእግሮቿ ጫፍ ላይ ጣዕም የሚለዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ቅጠሉ ልጆቿ የሚበሉት ከሆነ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ካልሆነ ተነሥታ ትሄዳለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል እንደልቡ ወዲያ ወዲህ ሄዶ ምግብ መፈለግ አይችልም። እናቱ ከተሳሳተች ይሞታል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ትሉ አድጎ ሲጨርስ ቆዳውን ይገፍና ደረቅ ልባስ ለብሶ ከቅጠል ወይም ከእንጨት ላይ ይንጠለጠላል። የነጯ ቢራቢሮ ልባስ በወገቡ ላይ እንደ መቀነት በቀጭን ክር ይታሰራል። የባለ ብሩሽ እግሯ ግን መቀነት የለውም፤ በጅራቱ ብቻ ተይዞ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ይህ ወገን በዓለም ላይ 6,000 ያህል ዝርያዎች አሉት። በዓለም ካሉት ቢራቢሮዎች ሲሶ ያህሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

የጥንት ሰው እንስሳትን የሚመድበው ለራሱ በሚሰጡት ትርጉም ነበር። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጐመ ፊሳልጎስ የሚባል መጽሐፍ አለ። ስለ አንበሳ፣ ስለ ጉንዳንና ስለ ሌሎች ፍጥረታት ጠባይ ይናገራል። ዓላማው ግን ሰውን ሃይማኖትና ምግባር ማስተማር ነው እንጂ እግርና ክንፍ መቁጠር አይደለም። ግሪኩ አሪስጣጣሊስ ቢራቢሮ ከትል እንደምትወጣ ጽፏል፤ ቢራቢሮን የሚጠራበትም ቃል «ነፍስ» ማለት ነበር። ትሏ ግን ከቅጠል ላይ በራሷ ትፈጠራለች ብሎ ያምን ነበር። ይህ እምነት ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ።

ትል፣ ልባስና ቢራቢሮ አንዷ ፍጥረት መሆኗን፣ እያንዳንዷም የራሷ ቅጠል እንዳላት በሥዕል ካሳዩት መካከል አንዲት ሴት ትገኛለች። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ትባላለች። የተወለደችው ጀርመን አገር በ1647 ነው። ትሎችን ቤቷ ውስጥ እያሳደገች፣ የሚበሉትን ቅጠል እየቀያየረች፣ ያየችውን ትሥል ነበር። የመጀመሪያውን የትሎች መጽሐፏን በ1679 አወጣች። በ1699 ደግሞ ከልጇ ጋር ሆና በመርከብ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደች፤ ሱሪናም በሚባለው አገር ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ለትል ስትል ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች ብሎ ማን ያስባል!

ከእሷ በኋላ የመጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። በ1758 ትልቁን መጽሐፉን ለአሥረኛ ጊዜ አሻሽሎ ሲያወጣ ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ሁለት ስም ሰጠ። ልክ እንደኛ ስምና ያባት ስም ነው፤ ልዩነቱ የወገኑ ስም ይቀድማል። ይህ አጠራር እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ነገር ግን ቢራቢሮዎቹን የደረደራቸው በአብዛኛው በክንፋቸው መልክና ቅርጽ ነበር። ትላልቆቹን ፈረሰኞች አላቸው። ሌሎቹን በግሪክ ተረት ሃምሳ ሴቶች ልጆች በነበሩት በንጉሥ ዳናኦስ ስም ጠራቸው። ሌሎቹን ኒምፎች አለ፤ በግሪክ ተረት ኒምፍ የምንጭና የዱር ቆንጆ ናት። መጨረሻ ላይ ጥቃቅኖቹን «ተራው ሕዝብ» ብሎ አስቀመጣቸው። መኳንንቱን ከላይ፣ ሕዝቡን ከታች መደርደር የዘመኑ ልማድ ነበርና ለቢራቢሮም አልቀረላትም።

ስሕተቱን ተመልከቱ። ያቺ ብርቱካንማ ቢራቢሮ፣ ሊኔየስ «ክሪሲፑስ» ያላት፣ አራት እግር የምትመስለዋ፣ ከዳናኦስ ልጆች ጋር ተመደበች። እዚያው ጭፍራ ውስጥ ስድስት እግሯን አስተካክላ የምትራመደው ነጯ ቢራቢሮ አለች። ሌሎቹ ባለ ብሩሽ እግሮች ግን በኒምፎቹ ጭፍራ ውስጥ ገቡ። እኅትማማቾቹ ተለያዩ፤ ባዳዎቹ አብረው ተቀመጡ። ክንፍ እያዩ መመደብ ልብስ እያዩ ዘመድ እንደ መቁጠር ነው።

ጥቂት ቆይቶ በ1762 ዦፍርዋ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በነፍሳት መጽሐፉ ውስጥ ቢራቢሮዎችን በእግራቸው ከፈላቸው፤ በአራት የሚቆሙና በስድስት የሚቆሙ ብሎ። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ዋናው በር የተከፈተው በዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው። በ1815 ራፊኔስክ የተባለ ሊቅ ለወገኑ የዛሬውን ስም ሰጠ። በ1860ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የወንዱንም የሴቷንም እግር እያስተያየ ወገኖቹን እንደገና ደረደረ። ቤትስ ከ1848 እስከ 1859 ድረስ በአማዞን ጫካ ውስጥ 11 ዓመት ኖሮ ነፍሳት የሰበሰበ ሰው ነው።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በሃያኛው መቶ ዓመትም ቢሆን ክሪሲፑስና ዘመዶቿ የተለየ ወገን ናቸው፤ ትላቸው ሣር የሚበላው ቡናማዎቹም ሌላ ወገን ናቸው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ዛሬ ሁሉም በአንድ ወገን ሥር ወደ 12 ያህል ንዑስ ክፍሎች ሆነው ይቆጠራሉ። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ ከአካላቸው ውስጥ ያለውን የዘር ምልክት መርምሮ፣ ወገኑ ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደጀመረ አሳይቷል። ክሪሲፑስም ቡናማዎቹም ከዚያው ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ።

ክሪሲፑስ ትሏ የሚያድገው ነጭ ወተት በሚያፈሱ ተክሎች ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ በቆላ የሚበቅለው ጦቢያ ነው፤ ቅንቦ የሚሉትም አሉ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ምን እንደሚያደርግ የቆላ ሰው ያውቃል። ትሉ ግን መርዙን በልቶ ገላው ውስጥ ያስቀምጠዋል። መርዙ ወደ ቢራቢሮዋ ይተላለፋል። ወፍ አንዴ ቀምሳ ካስመለሳት ሁለተኛ ያንን መልክ አትነካም። ለዚህ ነው ክሪሲፑስ ቀስ ብላ፣ የሚያሳድዳት እንደሌለ ሆና የምትበረው።

ይህች ቢራቢሮ በሥዕል የታወቀችው ሊኔየስ ከመወለዱ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ነው። በላይኛው ግብፅ፣ ኔባሙን በሚባል ጸሐፊ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ የተሣለ የወፍ አደን ሥዕል አለ። ከሸምበቆውና ከወፎቹ መካከል ክሪሲፑስ ክንፏን ዘርግታ ትታያለች። ሥዕሉ አሁን ለንደን ይገኛል። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ ወደ አትባራ፣ አትባራም ወደ ዓባይ ገብቶ ያንኑ አገር ያጠጣል። ቢራቢሮዋም ከዚያ እስከዚህ ያው አንዷ ናት።

አሁን ደግሞ አንድ ተንኰል ስሙ። ክሪሲፑስን ቁርጥ የምትመስል ሌላ ቢራቢሮ አለች። ሊኔየስ በ1764 «ሚሲፑስ» ብሎ ስም አወጣላት። እሷም ባለ ብሩሽ እግር ናት፤ ግን የሌላ ንዑስ ክፍል ናት፤ ትሏም ያንን የመርዝ ተክል አይበላም። ሴቷ የክሪሲፑስን ልብስ ለብሳ ወፎችን ታታልላለች። ወንዷ ግን ፈጽሞ አይመስልም፤ ጥቁር ሆኖ በክንፎቹ ላይ ትላልቅ ነጭ ክቦች አሉት። ባልና ሚስት መሆናቸውን ሳያውቅ የሚያይ ሰው ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው ይላል። ሴቷን ከክሪሲፑስ መለየት የፈለገ የኋላውን ክንፍ መካከል ይመልከት። ክሪሲፑስ እዚያ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች አሏት፤ አስመሳይዋ አንድ ብቻ ናት። የማይበላ መስሎ ከመበላት የመዳንን ነገር በ1862 ጽፎ ለዓለም ያስረዳው ያው የአማዞኑ ቤትስ ነው።

በስማችን የተጠራች ቢራቢሮም አለችን። በ1867 ከቪየና ከተማ ካየታን ፌልደርና ሩዶልፍ ፌልደር የሚባሉ አባትና ልጅ አንዲት የደጋ ቢራቢሮ መዝግበው «አቢሲኒካ» አሏት፤ የሐበሻ ማለት ነው። አባትየው ጠበቃ ነበር፤ በኋላም የቪየና ከንቲባ ሆኗል። አቢሲኒካ በኢትዮጵያና እስከ ታንዛኒያ ባሉ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ትኖራለች። ትሏ የሚበላው ከሳማ ወገን የሆኑ ተክሎችን ነው። ሰው እንዳይለበልበው የሚሸሸው ሳማ ለእሷ ትል ቤትም ምግብም ነው። በ1935 ደግሞ እንግሊዛዊው ሄል ካርፔንተር የአገራችንን ቢራቢሮዎች ዝርዝር አሳተመ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። መዝገቦቹ የተጻፉትም የታተሙትም በውጭ አገር ነው። ትሉ በየትኛው ቅጠል ላይ እንዳለ፣ በየትኛው ወር እንደሚወጣ በየቀኑ የሚያየው እረኛና ገበሬ ግን የሚያውቀውን የሚያሰፍርበት ፊደል አልነበረውም። በእኔ ግምት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የመንገደኛዋ ነገር ነው። ሊኔየስ በ1758 «ካርዱይ» አላት፤ በላቲን የኮሸሽላ ማለት ነው፤ ትሏ ኮሸሽላና መሰል እሾኻም ተክሎችን ስለሚበላ። መልኳ ብርቱካንማ ነው፤ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። በየዓመቱ በጸደይ እልፍ አእላፍ ሆና ወደ አውሮፓ ትመጣለች። መከር ሲሆን ትጠፋለች። አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ «ብርዱ ጨርሷት ነው» ብለው ያስቡ ነበር፤ ስትመለስ ያየ አልነበረማ።

በ2009 በእንግሊዝ አገር በራዳር ሲጠብቋት እውነቱ ወጣ። የምትመለሰው ከሰው ዓይን በላይ፣ ከመሬት 500 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብላ በነፋስ እየታገዘች ነው። በዚያ ዓመት በጸደይ 11 ሚሊዮን ያህል ገብተው፣ በመከር 26 ሚሊዮን ያህል እንደወጡ ተገመተ። ተዋልደው በዝተው ነው የተመለሱት። ወዴት? ይህን ለማወቅ ተመራማሪዎች በ2014 መከር ከሰሐራ በታች ወዳሉ አገሮች ሄዱ። ከእነዚህ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ውጤቱ በ2016 ታተመ፤ መንገደኞቹ ሰሐራን ተሻግረው ወደ አፍሪካ እንደሚገቡና እዚሁ እንደሚዋለዱ ታወቀ። ከአፍሪካ ተነሥቶ እስከ አውሮፓ ሰሜን ጫፍ ደርሶ መልሱ 15,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዷ ቢራቢሮ ጉዞውን አትፈጽመውም። እናት የጀመረችውን ልጅ፣ ልጅ የተወችውን የልጅ ልጅ እያለ ስድስት ትውልድ ያህል ይወስዳል። መንገዱን ማን ነገራት? ከእናቷ ጋር እንኳ አልተያዩም።

በ2013 ጥቅምት ወር ደግሞ ጥቂቶቹ በደቡብ አሜሪካ ባሕር ዳርቻ ተገኙ። ይህች ቢራቢሮ እዚያ አገር አትኖርም። በ2024 የታተመው ምርመራ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው አትላንቲክ ውቅያኖስን፣ ቢያንስ 4,200 ኪሎ ሜትር፣ በነፋስ እየታገዙ እንደተሻገሩ አረጋገጠ። ከወረቀት የምትቀል ፍጥረት ናት እኮ!

«ይህ ሁሉ ለገበሬው ምን ያደርግለታል?» እንበል። ትል ያየ ገበሬ ልቡ ይደነግጣል፤ እውነቱን ነው። ተምች በጤፉ፣ በገብሱና በማሽላው ላይ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ተምች የባለ ብሩሽ እግር ልጅ አይደለም። ተምች አድጎ የሚሆነው በሌሊት የሚበር፣ መልኩ ዐመድማ የሆነ የእሳት ራት ነው። ትሉ ገላው ለስላሳ ነው፤ በጎኑ መሥመር አለው፤ ሲበዛ ይጠቁራል፤ የሚበላውም የሣርና የእህል ወገን ነው። የካርዱይ ትል ግን እሾኽ እሾኽ ያለው ነው፤ የሚገኘውም ኮሸሽላ ላይ ቅጠሉን በክር አያይዞ ውስጡ ተደብቆ ነው። ወደ ጤፉ አይሄድም። እሱን ለመግደል የሚጠፋ ጊዜና መድኃኒት በከንቱ የጠፋ ነው።

ሁሉም ንጹሕ ናቸው ማለታችን ግን አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ስኳር ድንች የሚያለሙ ገበሬዎችን የሚያስቸግር አንድ ትል አለ፤ «አክሬያ አሴራታ» ይባላል። የስኳር ድንቹን ቅጠል ጨርሶ ያራቁተዋል። ይኸ ባለ ብሩሽ እግር ነው። የቡናማዎቹም ትል ሣር ይበላል፤ ግን እንደ ተምች በጭፍራ አይዘምትም። ስለዚህ ከወገኑ ይልቅ ትሉ የተገኘበትን ቅጠል ማየት ይበልጣል።

ይህን በዓይኑ ማየት የፈለገ ትልቅ ድካም የለበትም። ከኮሸሽላ ላይ እሾኻሙን ትል ከነቅጠሉ አምጡ፤ እጃችሁን እንዳይወጋችሁ በቢላዋ ቁረጡት። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡና አፉን በስስ ነጠላ ቁራጭ እሰሩት፤ አየር ያስፈልገዋል። ቅጠሉን በየቀኑ በትኩስ ለውጡ፤ የሌላ ተክል ቅጠል ብትሰጡት ላይበላ ይችላል። ቁልቁል ሲንጠለጠል አትነካኩት። በሞቀ ቦታ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈነዳል፤ በደጋ ብርድ ይዘገያል። ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው። እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ጠብቋት፤ ያን ጊዜ አትበርምና እግሯን ለመቁጠር ይመቻል። ከዚያ ደብተራችሁን አውጡ። ትሉን ያገኛችሁበትን ቀበሌ፣ የቅጠሉን ስም፣ ቢራቢሮዋ የወጣችበትን ቀንና የቆጠራችሁትን እግር ጻፉና ጠርሙሱን ከፍታችሁ ልቀቋት።